ከሥዕሉ ሥር የሚጻፈው

ልጆቼ፣

የሙዚየም ሥዕሎችን በድረ ገጽ ለማቅረብ ስትነሡ ለፎቶግራፉ ጥራት እንደምትጨነቁ አያለሁ። መልካም ነው። እኔ ግን ከሥዕሉ ሥር ስለሚጻፈው ላጫውታችሁ፤ ብዙ የደከምኩበት ሥራ ሊቀር የነበረው እዚያ ላይ ነውና።

አንድ ስብስብ ሁለት ዓመት ሙሉ ፎቶ አንሥተን ለሕዝብ ከከፈትን በኋላ አንዲት የሥነ ጥበብ ተማሪ መጥታ «ጋሼ፣ ብፈልግ ብፈልግ ምንም የለም» አለችኝ። አጠገቧ ተቀምጬ ስትጽፍ ተመለከትኩ። «ስእል» ብላ ጻፈች። መዝገባችን «ሥዕል» ይላል። በንጉሡ ሠ፣ በእሳቱ ሰ፣ በዐይኑ ዐ፣ በአልፋው አ እየተቀያየረ ይህ አንድ ቃል አራት መልክ አለው፤ ኮምፒውተር ደግሞ ካልነገሩት አራቱ አንድ መሆናቸውን አያውቅም። የሁለት ዓመት ልፋት ከሁለት ፊደል ጀርባ ተደብቆ መቅረቱ አንጀቴን አቃጠለኝ። ስለዚህ ለአንባቢ የሚታየው በትክክለኛው ፊደል ይጻፍ፤ ፍለጋው ግን አራቱንም ይቀበል። ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ባለሙያው ብቻ አትተዉት። የኩሬተር፣ ማለትም የሙዚየሙን ስብስብ የሚያደራጅና የሚያቀርብ ባለሙያ ሥራ ነው።

የሰው ስም ከዚህም ይከፋል። እስክንድር ቦጎስያንን ውሰዱ። አዲስ አበባ ተወልዶ በዋሽንግተኑ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ያስተማረ ታላቅ ሠዓሊ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1964 የሣለው «የጁጁ ሠርግ» በኒው ዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ይገኛል። በላቲን ፊደል አንዱ «ስኩንደር»፣ ሌላው «አሌክሳንደር» ብሎ ይጽፈዋል። የአገሩ ልጅ በገዛ ፊደሉ «እስክንድር» ብሎ ሲፈልገው እንዲያገኘው ሁሉንም አጻጻፍ መዝግቡ።

ሥዕሉ ከገጻችሁ ወጥቶ እንደሚሄድም አስቡ። የኒው ዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ2017 ወደ 375 ሺሕ የሚጠጉ ምስሎችን ማንም በነጻ እንዲጠቀምባቸው ለቅቋል፤ ደስ የሚያሰኝ ቸርነት ነው። ምስሉ በስልክ ከእጅ ወደ እጅ ሲያልፍ ግን ጽሑፉ መንገድ ላይ ይቀራል። የሠዓሊውን ስም፣ ዘመኑንና የመዝገብ ቁጥሩን በምስሉ ፋይል ውስጥም አስገቡ።

ደግሞም ጀርባውን ፎቶ ሳታነሡ ሥዕሉን ወደ ቦታው አትመልሱ። አንድ ጊዜ «ሠዓሊው ያልታወቀ» ብለን ልናወጣው የነበረ ሸራ ስንገለብጠው በእርሳስ የተጻፈ ነገር አየን፤ ግማሹን ክፈፉ ሸፍኖታል። ሚስማሩን አንድ በአንድ ነቅለን ክፈፉን ስናላቅቀው ሙሉ ስምና ዓመተ ምሕረት ወጣ። በመዝገቡ ላይ «ያልታወቀ» የሚለውን ሰርዤ ስሙን በእጄ ጻፍኩት።