በእጅ ያልተፈረመ «ፊርማ»፦ ቁጥሩ የተወሰነ ሕትመት የገዛ ሰው ያለው መብት

ጥያቄ፦ የምኖረው በቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ከተማ ነው። ስለ አሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሚተርኩ፣ ሠዓሊው የፈረመባቸውና ቁጥራቸው የተወሰነ ሕትመቶችን እሰበስባለሁ። ከሁለት ዓመት ከአራት ወር በፊት ካሊፎርኒያ ከሚገኝ ጋለሪ በኢንተርኔት አንድ ሕትመት ያለ ፍሬም በ650 ዶላር ገዛሁ። ሥዕሉ በኮሎኔል ጆሽዋ ቻምበርሊን የሚመራው 20ኛው የሜይን ሬጅመንት ጁላይ 2 ቀን 1863 ጌቲስበርግ ላይ፣ ሊትል ራውንድ ቶፕ ከተባለው ኮረብታ በሳንጃ ሲወርድ ያሳያል። ኅዳጉ ላይ 412/950 የሚል ቁጥርና ፊርማ አለ፤ የምስክር ወረቀቱም ሠዓሊው እያንዳንዱን ቅጂ እንደፈረመ ይገልጻል። በቅርቡ ያው ሥዕል በትልቅ ሸራ ላይ እንደገና ታትሞ ሲሸጥ አየሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ፊርማውን በማጉያ መነጽር ስመለከተው በእርሳስ የተጻፈ ሳይሆን ከጥቃቅን ነጠብጣቦች የተሠራ ሆኖ አገኘሁት። ጋለሪውን መክሰስ እችላለሁ? ሥዕሉንስ ለማኅበራችን ገቢ ማሰባሰቢያ በሚሸጥ የቀን መቁጠሪያ ላይ ማተም ይፈቀድልኛል?

መልስ፦ ከደብዳቤዎ እንደተረዳሁት ይበልጥ ያስቆጣዎት የሸራው ሕትመት ነው። በሕግ ፊት የሚያስኬደው አቤቱታዎ ግን የፊርማው ጉዳይ ስለሆነ ከእርሱ እጀምራለሁ።

እርስዎ የሚኖሩት ቨርጂኒያ ቢሆንም፣ ሻጩ ካሊፎርኒያ መሆኑ ጠቅሞዎታል። የካሊፎርኒያ ፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1740 እስከ 1745 ባሉት ድንጋጌዎቹ በብዙ ቅጂ ስለሚዘጋጁ የሥነ ጥበብ ሥራዎች ሽያጭ ይደነግጋል፤ ድንጋጌዎቹም በግዛቲቱ ውስጥ የሚፈጸመውን ሽያጭ ብቻ ሳይሆን ከግዛቲቱ ወደ ውጭ የሚደረገውንም ይሸፍናሉ። ሕጉ ነጋዴው የሠዓሊውን ስም፣ ሥራው የተፈረመ መሆን አለመሆኑን፣ የአሠራር ዘዴውንና የቅጂዎቹን ብዛት በጽሑፍ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ለእርስዎ ወሳኙ ነገር «የተፈረመ» ለሚለው ቃል የሰጠው ትርጉም ነው፦ ቅጂው ታትሞ ካለቀ በኋላ ሠዓሊው በገዛ እጁ የጻፈው እንጂ በማተሚያ መሣሪያ የወጣ ምልክት ፊርማ አይባልም። ስለዚህ ያዩት ነጠብጣብ በእርግጥ የማተሚያ ነጠብጣብ ከሆነ፣ በምስክር ወረቀቱ ላይ የሰፈረው ቃል እውነት አይደለም።

ጋለሪው «ከአሳታሚው እንደመጣልኝ ሸጥሁ፤ አላወቅሁም» ሊል ይችላል። ይህ መልስ ነጻ አያወጣውም፤ ሕጉ ከጥቃቅን የጽሕፈት ስሕተት በስተቀር በስሕተት የተሰጠንም መረጃ ኃላፊነት ያስከትልበታል። ሕትመቱን ሲመልሱ የከፈሉትን ገንዘብ ከሕጋዊ ወለድ ጋር ያገኛሉ። ሻጩ እያወቀ እንዳደረገው ካስረዱ ደግሞ የዋጋውን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 1,950 ዶላር መጠየቅ ይችላሉ፤ ይሁን እንጂ ማወቁን ማስረዳት ከባድ ስለሆነ ተስፋዎን በዚህ ላይ አይጣሉ።

እጅግ የሚያሳስበኝ ጊዜው ነው። በዚህ ሕግ የሚቀርብ ክስ ጥፋቱ በታወቀ በአንድ ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ያም ሆኖ ከሽያጩ ቀን ጀምሮ ሦስት ዓመት ካለፈ አይቀርብም። ባለፈው ወር ስላወቁ ገና አሥራ አንድ ወር ያለዎት ሊመስልዎት ይችላል፤ ነገር ግን ሦስት ዓመቱ ሊሞላ የቀረው ስምንት ወር ብቻ ነው።

እስከዚያ ድረስ ሕትመቱን ፍሬም ሠሪ ዘንድ እንዳይወስዱት አጥብቄ እለምንዎታለሁ። ሕጉ ገንዘብዎን የሚያስመልስልዎ ሥራውን በተረከቡበት ሁኔታ ሲመልሱ ነው፤ ኅዳጉ ከተቆረጠ ወይም ወረቀቱ በሙቀት ካርቶን ላይ ከተለጠፈ ይህንን መብት ራስዎ አበላሹት ማለት ነው። ሕትመቱን የወረቀት ጥበቃ ባለሙያ ወይም የሕትመት ገማች እንዲያየው ያድርጉና አስተያየቱን በጽሑፍ ይቀበሉ። እርሳስ ወረቀቱን በትንሹ ይጫነዋል፤ ብርሃን ከጎን ሲበራበትም ያብረቀርቃል። የታተመ ፊርማ ግን ወረቀቱን አይጫነውም፣ በአሥር እጥፍ ማጉያ ሲታይም ወደ ነጠብጣብ ይበተናል። የምስክር ወረቀቱን፣ ደረሰኙንና በወቅቱ በጋለሪው ገጽ ላይ የነበረውን ማስታወቂያ አንድ ላይ ያስቀምጡ።

ጋለሪው ሌላም መከራከሪያ ሊያነሳ ይችላል፦ ሥራው ከዘይት ቀለም ሥዕል በኦፍሴት፣ ማለትም መጽሐፍና ጋዜጣ በሚታተምበት የማተሚያ ዘዴ የተባዛ ስለሆነ ሕጉ ከሚጠቅሳቸው የሊቶግራፍ (በድንጋይ ላይ ተሥሎ የሚታተም) እና የእንጨት ቅርጽ ሕትመቶች አይመደብም ሊል ይችላል። የሕጉ ዝርዝር ዝግ ስላልሆነ ክርክሩ ጠንካራ አይመስለኝም። ቢያሸንፍ እንኳ «የተፈረመ» የሚለው ጽሑፍ በንግድ ሕጉ መሠረት ሻጩ የሰጠው ግልጽ ዋስትና ነው፤ በዚህ መንገድ የሚቀርበው ክስ ይርጋ ደግሞ ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ አራት ዓመት ነው። ሕትመቱን የገዙት ከነጋዴ ሳይሆን እንደ እርስዎ ካለ ሰብሳቢ ቢሆን ኖሮ ከላይ የጠቀስሁት ልዩ ሕግ አይረዳዎትም ነበር፤ በኢንተርኔት ጨረታ ከግለሰብ የሚገዙ አንባቢዎች ይህን ልብ እንዲሉ እፈልጋለሁ።

ወደ ሸራው ሕትመት ስመለስ፣ ቅሬታዎ ይገባኛል፤ 950 ሰዎች ብቻ አላቸው ተብሎ የተሸጠ ምስል በሌላ መልክ ሲበዛ ማየት ያሳዝናል። ሆኖም በ2012 አንድ ሰብሳቢ ፎቶግራፍ አንሺውን ዊልያም ኤግልስተንን በዚሁ ምክንያት ኒው ዮርክ ውስጥ ከስሶ ነበር። ፌዴራል ፍርድ ቤቱ በ2013 ክሱን ውድቅ ያደረገው፣ በመጠንና በአሠራር ዘዴ የተለየው አዲስ ሕትመት ሌላ እትም ነው በማለት ነው። ፍርዱ የተሰጠው በኒው ዮርክ ሕግ መሠረት ስለሆነ የካሊፎርኒያን ዳኛ አያስገድደውም፤ አመለካከቱን ግን አሳይቶናል። ነገሩ የሚለወጠው የእርስዎ የምስክር ወረቀት «ይህ ምስል በየትኛውም መጠንና ዘዴ ዳግመኛ አይታተምም» የሚል ቃል ካለው ነው። በደብዳቤዎ ስላልጠቀሱት እንደገና ያንብቡት።

አሁን ለጋለሪው ሕትመቱን ለመመለስ ዝግጁ መሆንዎን የሚገልጽ፣ የሠላሳ ቀን ጊዜ የሚሰጥ ደብዳቤ በአደራ ፖስታ ይላኩ። ካልመለሰልዎ የካሊፎርኒያ የአነስተኛ ክሶች ችሎት ከግለሰብ እስከ 12,500 ዶላር የሚደርስ ክስ ይቀበላል፤ በዚያ ችሎት ጠበቃ ተከራካሪ ወገንን ወክሎ ስለማይቆም ወጪዎ ትንሽ ነው። ከዚያ በፊት ግን ሲገዙ የተስማሙበት የሽያጭ ውል የግልግል አንቀጽ፣ ማለትም ክርክሩ በፍርድ ቤት ሳይሆን በገላጋይ ዳኛ እንዲታይ የሚል ቃል እንዳለው ይመልከቱ።

የቀን መቁጠሪያውን በተመለከተ መልሴ አይፈቀድም የሚል ነው። ወረቀቱ የእርስዎ ስለሆነ ሊሸጡት፣ ሊያወርሱትና ቤትዎ ሊሰቅሉት ይችላሉ፤ የማባዛት መብት ግን ከሠዓሊው ወይም መብቱን ካስተላለፈለት ሰው ጋር ይቀራል፣ ገቢው ለበጎ ዓላማ መዋሉም ይህን አይለውጠውም። በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይችላሉ። ጊዜ ካጠረዎት፣ ቲሞቲ ኦሱሊቫንና ጓደኞቹ በጁላይ 1863 በጌቲስበርግ የጦር ሜዳ ያነሷቸው ፎቶግራፎች የቅጂ መብት ጥበቃቸው ካበቃ ቆይቷል፤ ከኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በነጻ አውርደው ማተም ይችላሉ።