የተከሰሰችው ግመል፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

የግመል ሻኛ ውስጥ ያለው ውኃ ነው? (ከባህር ዳር አንድ ተማሪ)

ስብ ነው።

ከሽምብጥ አንዲት እናት

ልጃቸው ጅግጅጋ መስመር የጭነት መኪና ይነዳል። እዚያ ሲደርስ የግመል ወተት ሳይፈላ ይጠጣል፤ "መድኃኒት ነው፣ ተህዋስ አይዝም" ይላል። አሁን ትኩሳት ሄድ መጣ እያለ ከወር በላይ ሆኖታል፣ ሌሊት ያልበዋል፣ ወገቡን ያመዋል። ታይፎይድ ነው ተብሎ ሁለቴ መድኃኒት ወስዷል።

እናቴ፣ ልጅዎ ሆስፒታል ይሂድ። ሲሄድም "ጥሬ የግመል ወተት ጠጥቻለሁ" ብሎ ይናገር። ሳይናገር ከቀረ ሐኪሙ ብሩሴሎሲስን፣ ከእንስሳት በጥሬ ወተት የሚተላለፈውን በሽታ፣ ከየት ያምጣው? በሽታው ከወባም ከታይፎይድም ጋር ይምታታል። ሕክምናው ረጅም ነው፤ ብዙ ጊዜ ሁለት መድኃኒት አንድ ላይ ለ6 ሳምንት ይሰጣል። ተሻለኝ ብሎ መሃል ላይ ያቆመ ሰው ያገረሽበታል። ስለዚህ ከፋርማሲ በራሱ ገዝቶ እንዳይውጥ።

የግመል ወተት ጥሩ ምግብ ነው፣ አልከራከርም። ግን ይፍላ። ዕቃውን በጭስ ማጠን ጣዕም ይሰጠዋል እንጂ የማፍላትን ሥራ አይሠራም። መኮምጠጡም አያስተማምንም።

"ይህች ግመል ከየት አመጣችው?" ብለው ጠይቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ይኸው ነው። ሁሉም ግመሏን ይከሳል። ግመል ላይ ከሚገኙት የብሩሴሎሲስ ተህዋሶች ውስጥ ብሩሴላ ሜሊቴንሲስ የተባለው ዋና ቤቱ ፍየልና በግ ነው፤ ብሩሴላ አቦርተስ ደግሞ ከብት። ግመሏ ከእነሱ ጋር ትሰማራለች፣ አንድ ኩሬ ትጠጣለች። ፍየል ስትጨነግፍ ጽንሱና የእንግዴ ልጁ በተህዋሱ የተሞላ ነው፤ ሳሩም ውኃውም ይበከላል። ግመሏ ብዙ ጊዜ ምንም ሳይታይባት ተህዋሱን ይዛ ትዞራለች። የብሪታኒያ ጦር ሐኪም የነበረው ዴቪድ ብሩስ ተህዋሱን ማልታ ላይ ያገኘው በ1887 እ.ኤ.አ. ነው፤ ሰዉን የሚያሳምመው የፍየል ወተት መሆኑ ግን እስከ 1905 ድረስ አልታወቀም ነበር። መንጋው ውስጥ ፍየሎቹን ትቶ ግመሏን ብቻ መመርመር ምን ይፈይዳል? ደግሞ እዚሁ ጣና ዳር ጥሬ የላም ወተት የምትጠጡ፣ እናንተም አላችሁበት።

"ሱራ የያዛት ግመል ኦክሲቴትራሳይክሊን ተወግታ አልዳነችም" የሚሉ ነጋዴ

አትድንማ! ኦክሲቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ነው። ሱራን የሚያመጣው ግን ባክቴሪያ አይደለም፤ ተናካሽ ዝንብ የሚያስተላልፈው ጥገኛ ተህዋስ ነው፣ የራሱ መድኃኒት አለው። የእንስሳት ሐኪም ያማክሩ።

መተማ መንገድ ላይ ግመል የሞተችባቸው

በድንገት ወደቀች፣ ከአፍንጫዋ ጥቁር ደም ፈሰሰ። "ቆዳዋን ገፈን ብንሸጥስ?" ይላሉ።

በፍጹም! አትክፈቷት፣ አትግፈፏት፣ ውሻም አያስጠጓት። አባ ሰንጋ ሊሆን ይችላል። በድኑ ሲከፈት ተህዋሱ አየር አግኝቶ ጠንካራ ሽፋን ያበጃል፣ ከዚያ አፈር ውስጥ ለአሥርተ ዓመታት ይኖራል። ቀጣዩ ከብት እዚያው ቦታ ሲግጥ ይይዘዋል። የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም ዛሬውኑ ጥሩ፤ ነገ አይደለም። የነካት ሰው ቆዳው ላይ መሃሉ የጠቆረ ቁስል ካወጣ ወይም ካተኮሰው በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂድ።

ጥሬ የግመል ጉበት ይጎዳል?

ሳዑዲ ዓረቢያ ውስጥ በ1994 እ.ኤ.አ. ጥሬ የግመል ጉበት የበሉ ሰዎችን ቸነፈር ይዟቸዋል፤ ያ በአይጥ ቁንጫ የሚተላለፈው፣ ወረርሽኝ ሲያስነሳ የኖረው የጥንቱ በሽታ። እዚህም ግመሏ የበሽታው ምንጭ አይደለችም። ጉበቱን ግን ይጥበሱት።