መጀመሪያ የትኛውን ማሽን ልግዛ? የቆርቆሮ የውሻ ምግብ ለማምረት ላሰቡ አንባቢ የተሰጠ መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ከአንድ የኤክስፖርት ቄራ የበግና የፍየል ሳንባ፣ ጣፊያና ልብ እየገዛሁ ከሩዝና ከካሮት ጋር ቀቅዬ እፈጨዋለሁ፤ ከዚያ በፕላስቲክ አሽጌ አዲስ አበባ ላሉ ውሻ አሳዳጊዎች ቀዝቅዞ እንዳለ እሸጣለሁ። በቀን 200 ኪሎ ደርሻለሁ። ችግሬ መብራት ነው። ባለፈው ክረምት ሁለት ጊዜ ፍሪዘሩ ቀልጦ ያለኝን ሁሉ ጣልኩ። ስለዚህ በቆርቆሮ ወይም በጠርሙስ ላሽግ አስቤያለሁ። አንድ አስመጪ በደቂቃ 40 ቆርቆሮ የሚሞላና የሚከድን አውቶማቲክ ማሽን አቅርቦልኛል። እሱን ከገዛሁ በሚተርፈኝ ገንዘብ ማግኘት የምችለው ርካሽ ያገለገለ አውቶክላቭ (የታሸገውን ምግብ በእንፋሎት ግፊት የሚያመክን ጋን) ብቻ ነው። ምን ይመክሩኛል? ቆርቆሮ ይሻለኛል ወይስ ጠርሙስ?

የ. መ.፣ ከቢሾፍቱ

መልስ

እህቴ፣ አውቶማቲኩን አይግዙ። ገንዘብዎን በሙሉ በአውቶክላቩ፣ በቴርሞሜትሩና በጥሩ ክዳን ማጠፊያ ላይ ያውሉት። መሙላቱን በጭልፋና በሚዛን ይጀምሩ።

ሒሳቡን አብረን እንሥራው። 200 ኪሎ ለባለ 400 ግራም ቆርቆሮ ሲካፈል 500 ቆርቆሮ ነው። ያ ማሽን ይህን በ13 ደቂቃ ጨርሶ ቀኑን ሙሉ ቆሞ ይውላል። አውቶክላቩ ግን ለመሞቅ፣ ለማምከንና ለመቀዝቀዝ በአንድ ዙር ሁለት ሰዓትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ከአውቶክላቩ በፊት የቱንም ያህል ቢፈጥኑ የሚያተርፉት ወረፋ ነው። ወረፋው ደግሞ አደገኛ ነው፤ ተከድኖ ለብ እንዳለ ተራ የሚጠብቅ የሥጋ ቆርቆሮ ተዋስያን የሚራቡበት ምቹ ቤት ነው። አንድ ሠራተኛ በደቂቃ ስምንት ቆርቆሮ በሚያጥፍ ከፊል አውቶማቲክ ማጠፊያ 250 ቆርቆሮ በግማሽ ሰዓት ያደርሳል። ወዲያው ወደ አውቶክላቩ ያስገቡት፤ ከሰዓት በኋላ ሁለተኛውን ዙር ይድገሙ። የኤክስፖርት ቄራ በሁዳዴም ስለሚያርድ ጥሬ ዕቃዎ በጾም አይቋረጥም፤ ለአንድ ሰሞን ግርግር ብለው ትልቅ ማሽን የሚገዙበት ምክንያትም የለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። አገራችን ከፍታ ላይ መሆኗን ማሽን ሻጮች አይነግሩዎትም። ደብረ ብርሃን ባቄላ ንፍሮ የቀቀለችና ድሬዳዋ የቀቀለች እናት ልዩነቱን በማገዶዋ ታውቀዋለች። ወደ ደጋ በወጣን ቁጥር የአየሩ ግፊት ይቀንሳል፤ ውኃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ስለምትል ውኃ የሚፈላው 94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ይህ አውቶክላቩንም ይመለከታል። የግፊት ጌጅ የሚያሳየው በጋኑ ውስጥ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ምን ያህል እንደሚበልጥ ብቻ ነው። በባሕር ጠረፍ ጌጁ 1.04 ባር ሲል እንፋሎቱ 121 ዲግሪ ነው። እርስዎ ዘንድ ያንኑ 1.04 ሲያነብ እንፋሎቱ ገና 118 እንኳን አልሞላም። 121 ላይ ለመድረስ ቢሾፍቱ ውስጥ 1.25 ባር ገደማ፣ አዲስ አበባ ደግሞ ወደ 1.3 የሚጠጋ ንባብ ያስፈልጋል።

ሦስት ዲግሪ ምን ያመጣል ይሉ ይሆናል። በሥጋ ቆርቆሮ ውስጥ የምንፈራው ክሎስትሪዲየም ቦቱሊነም የተባለው ባክቴሪያ ነው። አየር በሌለበት፣ አሲድነቱ ዝቅ ባለ፣ ማለትም ፒኤች በሚባለው የአሲድ መለኪያ ከ4.6 በላይ በሆነ ምግብ ውስጥ ይበቅላል፤ የእርስዎ ምግብ እንዲህ ያለ ነው። ዘሩን መፍላት አይገድለውም። በ121 ዲግሪ፣ በቆርቆሮው መሐል፣ ቢያንስ የሦስት ደቂቃ ያህል ሙቀት ማግኘት አለበት። ሙቀቱ በ10 ዲግሪ ሲቀንስ የመግደል ኃይሉ ወደ አንድ አሥረኛ ይወርዳል፤ በሦስት ዲግሪ ተኩል ቅናሽ ከግማሽ በታች ይሆናል። ለውሻ ነው ብለው አይናቁት። ውሻም በቦቱሊዝም፣ በዚህ ባክቴሪያ መርዝ፣ ሽባ ይሆናል፤ ቆርቆሮውን ከፍቶ ጣቱን የሚልሰው ደግሞ የቤቱ ሕፃን ሊሆን ይችላል።

ይህን የተማርኩት በወጣትነቴ፣ የፈረቃ ኃላፊ ሆኜ በሠራሁበት ፋብሪካ ነው። ከባሕር ጠረፍ አካባቢ ተነቅሎ የመጣ ያገለገለ አውቶክላቭ ተተከለልን። በጌጁ መስታወት ላይ የቀድሞው ኦፕሬተር 1 ባር ላይ በቀይ ቀለም ያሰመራት መስመር ነበረች። ቴርሞሜትሩ በጉዞ ተሰብሮ ስለነበር አዲስ እስኪመጣ መርፌዋን ከቀይዋ መስመር ጋር እያገናኘን ሠራን። በ12ኛው ቀን የመጋዘኑ ጠባቂ ጠራኝ። ከታችኛው ድርድር አንድ ቆርቆሮ አንስቶ ሰጠኝ፤ ክዳኑ ትንሽ ወደ ላይ አብጧል። በአውራ ጣቴ ስጫነው ገባ፤ በዚያው ቅጽበት የታችኛው ክዳን በመዳፌ ውስጥ «ቷ» ብሎ ወጣ። ቀጣዩም እንደዚያው። በዚያ አውቶክላቭ የመከነውን ሁሉ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ኖራ ነስንሰን ቀበርነው። አንድም ቆርቆሮ ከግቢ አልወጣም ነበርና እግዚአብሔርን አመሰገንኩ። የቆርቆሮው ድምፅ ግን እስካሁን ከመዳፌ አልጠፋም።

ስለዚህ ያገለገለ አውቶክላቭ ለማየት ሲሄዱ መጀመሪያ የሚጠይቁት ቴርሞሜትሩን ይሁን። የት ተተክሏል? መቼ ተፈትሿል? የሚመዘግብ መሣሪያስ አለው? ሥራውን በቴርሞሜትር ይምሩ፤ ጌጁ ለደኅንነት መጠበቂያ ይሁን። ሁለቱ ካልተስማሙ፣ ማለትም ጌጁ ከፍ ብሎ ቴርሞሜትሩ ከቀረ፣ በጋኑ ውስጥ አየር ቀርቷል ማለት ነው። አየር ከእንፋሎት ጋር ሲደባለቅ ግፊቱ ይጨምራል እንጂ ሙቀቱ አይደርስም፤ በቅርጫቱ መሐል ያሉት ቆርቆሮዎች ጥሬ ይቀራሉ። የአየር ማስወጫው ቫልቭ ሰፊ መሆኑን፣ ሰዓት ከመቆጠሩ በፊት በደንብ መከፈቱን ይዩ።

በሩ ግፊት እያለ እንዳይከፈት የሚያግድ ቁልፍ ከሌለው ቢሰጡዎትም አይውሰዱት። የሠራተኛዎ ሕይወት ነው። የተሠራበትን የግፊት ልክ የሚናገር የብረት ሰሌዳ ይኑረው፤ ከመትከልዎ በፊትም በውኃ ግፊት ያስፈትኑት። ቦይለሩም በቂ እንፋሎት መስጠት አለበት። ኮምፕሬሰርም ይጨምሩ፤ ማቀዝቀዝ ሲጀመር የጋኑ ግፊት በድንገት ይወርድና የቆርቆሮው ውስጥ ግን ገና ይገፋል። በአየር ካልደገፉት ክዳኑ ቀንድ ያወጣል። እኛ ደጋ ላይ ስለሆንን የውጩ አየር የሚያደርግልን ድጋፍ ያነሰ ነው።

ቆርቆሮ ወይስ ጠርሙስ ላሉት፣ ቆርቆሮ። የመጀመሪያው የታሸገ ምግብ በጠርሙስ እንደነበረ አውቃለሁ፤ ፈረንሳዊው ኒኮላ አፔር እ.ኤ.አ. በ1810 ከመንግሥቱ 12,000 ፍራንክ የተሸለመው በጠርሙስ ሠርቶ ነው። ለውሻ የተሠራው የቆርቆሮ ምግብም እ.ኤ.አ. ከ1922 ጀምሮ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ሲሸጥ ነበር። በጠርሙስ የታሸገ ሥጋ ያምራል፤ ደንበኛም የሚገዛውን ያያል። ነገር ግን ጠርሙስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ከውጭ የሚደግፈው ግፊት ካላገኘ ክዳኑ ይፈናጠራል፤ ስለዚህ ተራ የእንፋሎት አውቶክላቭ አይሆነውም፤ በውኃ የሚሠራና ግፊቱ በአየር የሚስተካከል ያስፈልገዋል። ቶሎ ካቀዘቀዙት ይሰነጠቃል፤ አንዱ ሲሰበር የዚያን ቅርጫት ጠርሙሶች ሁሉ ስብርባሪ ሊነካቸው ይችላል። ክብደቱ ደግሞ እስከ አዲስ አበባ የሚከፈል ጭነት ነው።

ባዶ ቆርቆሮ ሲያዝዙ አንድ ነገር ይጠይቁ፤ ወደ ታች ጠበብ ብለው እርስ በርስ የሚገቡ እንደ ስኒ የሚደረደሩ ቆርቆሮዎች አሉ። ቀጥ ያለ ባዶ ቆርቆሮ ከጅቡቲ ሲጭኑ ለአየር ነው የሚከፍሉት። እርስ በርስ የሚገቡት ግን ታች ክዳን ስለማያስፈልጋቸው የሚያጥፉት አንድ ክዳን ብቻ ነው፤ ሊያፈስ የሚችል ቦታም ይቀንሳል።

ክዳን ማጠፊያውን ሲገዙ ሻጩ ፊትዎ ሃያ ቆርቆሮ ያጥፍልዎ። ከዚያ ጠርዙን በመጋዝ ቆርጠው በማጉያ መነጽር ይመልከቱ። የክዳኑ ጠርዝና የቆርቆሮው ጠርዝ እንደ ተጠማዘዙ ሁለት ጣቶች እርስ በርስ ተቆላልፈው ማየት አለብዎት። ክዳኑን ገልጠው የታጠፈውን ጠርዝ ሲያዩት የተሸበሸበ ከሆነ የማጠፊያው ሁለተኛ ሮለር፣ ጠርዙን የሚጨምቀው ተሽከርካሪ፣ አላጠበቀም። የአሜሪካ ደንብ ቢያንስ በየ30 ደቂቃው በዓይን፣ በየአራት ሰዓቱ ደግሞ ተቆርጦ እንዲፈተሽ ያዛል፤ እርስዎም ይህንኑ ልማድ ያድርጉት። የማቀዝቀዣው ውኃ ክሎሪን ይኑረው፤ ትኩስ ቆርቆሮ ሲቀዘቅዝ በጠርዙ በኩል ጠብታ ሊስብ ይችላል።

የማምከኛውን ደቂቃ ግን ከእኔም ከማንም አይቀበሉ። እንደ እርስዎ ያለ የተፈጨ ወፍራም ምግብ የሚሞቀው ከዳር ወደ መሐል ቀስ እያለ ነው፤ በመረቅ ውስጥ ያለ ቁርጥራጭ ግን መረቁ ስለሚዘዋወር ቶሎ ይሞቃል። ሩዙን ቢጨምሩ ሰዓቱ ይለወጣል። የቆርቆሮውን መሐል ሙቀት በሽቦ ለክቶ ሰዓቱን የሚወስንልዎ ባለሙያ ይፈልጉ፤ እንደ ባሕር ዳር ያሉ የምግብ ምህንድስና የሚያስተምሩ ዩኒቨርሲቲዎችን ይጠይቁ። በሚዛን ይሙሉ ያልኩዎትም ለዚህ ነው፤ የተጨናነቀ ቆርቆሮ መሐሉ ይዘገያል።

አንድ ነገር ላክል፤ ለጣዕም ብለው ሽንኩርትም ሆነ ነጭ ሽንኩርት እንዳይጨምሩ። የውሻን ደም ይጎዳል።

ጥያቄ

ከሐዋሳ ዓሣ አስጋሪዎች የቆሮሶና የአምባዛ ትርፍራፊ ሰብስቤ ለድመት ምግብ በሙከራ በቆርቆሮ አሳሸግኩ። ከወር በኋላ ስከፍተው የቆርቆሮው ውስጥ ጥቁር ሆኗል። መርዝ ነው? ከ. ሐ.

መልስ

ጥቁረቱ ራሱ መርዝ አይደለም፤ ቆርቆሮው አለማበጡና ሽታው አለመለወጡ ግን ደኅንነቱን አያረጋግጥም፣ የቦቱሊነም መርዝ ያለ ምልክት ሊኖር ይችላልና በትክክል መምከኑን ያረጋግጡ። የዓሣና የሥጋ ፕሮቲን ሲሞቅ ሰልፈር ይለቃል፤ ያም ከብረቱና ከቆርቆሮ ቅቡ ጋር ሲገናኝ ያጠቁረዋል። ምግቡን ባይጎዳም ገዢ አይወደውም። ሲያዝዙ «ለዓሣና ለሥጋ የሚሆን፣ ሰልፈር የሚቋቋም የውስጥ ቅብ ያለው» ብለው በጽሑፍ ይጠይቁ። ለቲማቲም የተሠራውን አይውሰዱ።

የድመት ነገር ከውሻ ይከብዳል። ድመት ታውሪን የተባለውን ንጥረ ነገር ራሷ በበቂ አትሠራም፤ እጥረቱ ልቧን እንደሚያደክም እ.ኤ.አ. በ1987 ታውቋል። የአሜሪካ መመዘኛ ለደረቅ የድመት ምግብ 0.1 በመቶ ሲጠይቅ ለቆርቆሮ ምግብ 0.2 በመቶ፣ እጥፉን፣ ይጠይቃል። ውኃው ሲወጣ ከሚቀረው ክብደት ነው የሚሰላው። ሳይጨምሩበት ለገበያ እንዳያወጡት።

ጥያቄ

አውሮራ፣ ኮሎራዶ ነው የምኖረው። ለውሻዬ ሥጋና ሩዝ በጠርሙስ አሽጌ በቤት ግፊት ድስት አመክናለሁ፤ በ10 ፓውንድ ግፊት ለአንድ ሰዓት። ጎረቤቶቼም ሽጭልን እያሉኝ ነው። ሰ. ገ.

መልስ

እህቴ፣ እርስዎም ደጋ ላይ ነዎት። አውሮራ ከ5,000 ጫማ በላይ ስለሆነች፣ በአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር መመሪያ መሠረት ባለ መርፌ ጌጅ ድስት 13 ፓውንድ፣ ባለ ክብደት ደግሞ 15 ፓውንድ ይፈልጋል። ሰዓቱም አንሷል፤ ለሥጋ በግማሽ ሊትር ገደማ ጠርሙስ 75 ደቂቃ፣ በአንድ ሊትር ገደማ 90 ደቂቃ ነው፤ ከዚያ በፊት እንፋሎቱ 10 ደቂቃ በነፃ ይውጣ። ሩዙን ከጠርሙሱ ያውጡት፤ መመሪያው በቤት በሚታሸግ ሥጋ ውስጥ አይፈቅደውም። ሥጋውን ብቻ ያሽጉ፤ ሩዙን ሲያቀርቡ ይቀላቅሉ። እስካሁን በ10 ፓውንድ የሠሩትን ውሻውም አይብላው፤ ሳይከፍቱ በፌስታል ደርበው ልጅና እንስሳ በማይደርስበት ቆሻሻ ይጣሉት።

ለመሸጥ ግን ሌላ መንገድ ነው። የታሸገ ዝቅተኛ አሲድ ምግብ የሚመለከተው የፌዴራሉ ደንብ ለቤት እንስሳት ምግብም ይሠራል፤ ድርጅቱ ይመዘገባል፣ የማምከኛው ሰዓት ለምግብና መድኃኒት አስተዳደሩ ይቀርባል፣ ሥራውን የሚመራውም ሰው የተፈቀደለትን ሥልጠና መውሰድ አለበት። ይህ እስኪሟላ ድረስ ጎረቤቶችዎ የሚወዱትን ምግብ በፍሪዘር መሸጥ ይቻል እንደሆነ የግዛቱን የግብርና መሥሪያ ቤት ይጠይቁ።