በሲሙሌተር ላይ አውሮፕላን ለምታሻሽሉ ወጣቶች

ውድ ወጣቶች፦

በቤታችሁ ኮምፒውተር ላይ የበረራ ሲሙሌተር ጭናችሁ፣ ሌሎች ባለሙያዎች የሠሯቸውን ትንንሽ አውሮፕላኖች አውርዳችሁ፣ ቀለማቸውንና ሞተራቸውን እንደ ፍላጎታችሁ መለወጥ የጀመራችሁ ብዙዎች መሆናችሁን ስለማውቅ ይህን ደብዳቤ እጽፍላችኋለሁ። እኔ የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት በአውሮፕላን ጥገና ነው፤ አውሮፕላን ሚዛን ላይ አቁሞ መመዘንና ውጤቱን ከፋብሪካው መመሪያ ጋር ማመሳከር የዘወትር ተግባሬ ነበር። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ፣ ባለቤቴ ብትስቅብኝም፣ እኔም እንደ እናንተ ስክሪን ፊት እውላለሁ።

ስለ ቀለም ብዙ አልናገርም፤ ቀለም ቢበላሽ ዓይንን እንጂ በረራን አይጎዳም። ጉዳዩ የሚከብደው የክብደት፣ የሞተርና የበረራ ጠባይ ቁጥሮች ወደሰፈሩበት ፋይል ስትገቡ ነው። በማይክሮሶፍት ፍላይት ሲሙሌተር የቀድሞ እትሞች አብዛኞቹ ቁጥሮች በአንድ ማዋቀሪያ ፋይል ውስጥ ነበሩ፤ በ2020ው እትም ደግሞ ክብደቱና የበረራ ጠባዩ በአንድ፣ ሞተሩ በሌላ ፋይል ተለያይተው ተቀምጠዋል። ፋይሉ ካልተቆለፈ በስተቀር በተራ የጽሑፍ ማረሚያ ስለሚከፈት መለወጡ የደቂቃ ሥራ ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል እንዲሉ፣ ችግሩም የሚመጣው ከዚሁ ቅለት ነው።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁትን ባለ አንድ ሞተር ትንሽ አውሮፕላን፣ ሴስና 172ኤስን፣ እንውሰድ። የፋብሪካው መመሪያ ርቀትን የሚለካው ሞተሩን ከካቢኑ ከሚለየው ግድግዳ የፊት ገጽ ተነሥቶ በኢንች ሲሆን፣ ወደ ጭራ የሚሄደው ርቀት ፖዘቲቭ ነው፤ በዚህ አለካክ አብራሪው 37፣ የኋላ ተሳፋሪዎች 73 ኢንች ላይ ይቀመጣሉ። የማይክሮሶፍቱ ሲሙሌተር ግን በጫማ ይለካል፤ ፖዘቲቭ የሚለውም ወደ አፍንጫ የሚሄደውን ነው፤ መነሻ ነጥቡ የት እንደሆነም ከፋይሉ ማየት ያስፈልጋል። መነሻው በዚያው ግድግዳ ላይ ከተደረገ የአብራሪው ቦታ -3.08 ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል። የመቀነስ ምልክቷን የዘነጋ ሰው አብራሪውን ከሞተሩ ጋር አስቀመጠው ማለት ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫው ይከብድና ከመሬት ለመነሣት ይቸገራል። ይህን ያየ ወጣት አብዛኛውን ጊዜ ወደ ክብደቱ ሠንጠረዥ አይመለስም፤ የኤሌቬተሩን፣ ማለትም አፍንጫውን ከፍና ዝቅ የሚያደርገውን የጭራ ክፍል፣ ጉልበት የሚያበዛውን ቁጥር ከፍ ያደርጋል። አፍንጫው በርግጥ ይነሣል፤ ፍጥነት ሲጨምር ግን አውሮፕላኑ በትንሽ ንክኪ መዝለል ይጀምራል፤ ይህን ለማለዘብ ደግሞ ሦስተኛ ቁጥር ይነካል። ከዚህ በኋላ የትኛው ቁጥር ስለ አውሮፕላኑ፣ የትኛው ስለ ስሕተቱ እንደተጻፈ ሠሪው ራሱም መለየት ያቅተዋል።

ሞተሩንና የአየሩን መጎተት ስታስተካክሉም ይኸው ወጥመድ አለ። መመሪያው እንደሚለው 172ኤስ በ2,550 ፓውንድ ሙሉ ክብደቱ፣ በባሕር ወለል ላይ በደቂቃ 730 ጫማ ይወጣል፤ በ8,500 ጫማ ከፍታ በ75 በመቶ ኃይል 124 ኖት (በሰዓት 124 የባሕር ማይል) ይበራል፤ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ በ68 ኖት እየተንሸራተተ በየ1,000 ጫማው 1.5 የባሕር ማይል ያህል ይጓዛል። እናንተ ከአወጣጡ መጀመር ትወዳላችሁ፤ እኔ ግን ከመንሸራተቱ ጀምሩ እላለሁ፤ ሞተሩ ከሒሳቡ ስለሚወጣ የአየሩን መጎተት ለብቻው የሚያሳያችሁ እርሱ ነው። እርሱ ከመመሪያው ጋር ሲገጥም ብቻ ወደ ሞተሩና ወደ ፕሮፔለሩ እለፉ። ሙከራው ነፋስ በሌለበት፣ በባሕር ወለል 15 ዲግሪ በሆነ መደበኛ አየር ይሁን፤ በአንድ ጊዜ ከአንድ ቁጥር በላይ አትለውጡ፤ የቀድሞውንም ፋይል በሌላ ቦታ አስቀምጡ።

ቦሌን ለሙከራ የምትመርጡ ወጣቶች «አውሮፕላኑ ደካማ ነው» እያላችሁ የፈረስ ጉልበቱን ስትጨምሩ አያለሁ። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ያህል ከፍ ያለ ነው፤ ሙቀቱ 22 ዲግሪ በሆነበት ቀን ክንፉና ሞተሩ የሚያገኙት አየር ከ10,000 ጫማ ከፍታ አየር የሳሳ ነው። ቱርቦ (አየር አምቆ የሚያስገባ መሣሪያ) የሌለው ሞተር በየ1,000 ጫማው 3 በመቶ ያህል ኃይሉን ስለሚያጣ፣ የመነሻ ርቀቱ ቢረዝምና አወጣጡ ቢዘገይ አውሮፕላኑ በትክክል ተሠርቷል ማለት ነው። ፋይሉን ትታችሁ ሚክስቸሩን፣ ማለትም ከአየሩ ጋር የሚደባለቀውን የነዳጅ መጠን፣ አሳሱ፤ ሙሉ በሙሉ በተከፈተ ሚክስቸር ከቦሌ መነሣት በእውነተኛውም ሞተር ላይ ኃይል ያባክናል።

ያሻሻላችሁትን ለሌሎች ለማካፈል ስትፈልጉ የመጀመሪያውን ሠሪ ፈቃድ ጠይቁ፤ በነፃ የተሰጠ ሥራ ሁሉ እንደገና እንዲሠራጭ ተፈቅዷል ማለት አይደለም። የለወጣችሁትን ቁጥር፣ የቀድሞውንና አዲሱን፣ ከየትኛው መመሪያ እንደወሰዳችሁትም ጭምር ከፋይሉ ጋር ጽፋችሁ አያይዙ።

ገና ለምትጀምሩ ፍላይትጊር የተባለውን ሲሙሌተር እመክራለሁ፤ ነፃ ነው፣ ፋይሎቹም ለሁሉም ክፍት ናቸው። ጄኤስቢሲም በተባለው የበረራ ጠባይ ማስሊያ ፕሮግራም የተሠሩት አውሮፕላኖቹ ርቀትን እንደ ፋብሪካው መመሪያ ወደ ጭራ ስለሚቆጥሩ ምልክት የመገልበጥ ጣጣ የለባቸውም። ብቻ እዚያ የምታገኙት ሴስና 172ፒ ሞተሩ ባለ 160 የፈረስ ጉልበት፣ ሙሉ ክብደቱም 2,400 ፓውንድ ስለሆነ፣ ባለ 180 የፈረስ ጉልበቱን የ172ኤስ መመሪያ ይዛችሁ አትመዝኑት፤ የራሱን መመሪያ ፈልጉለት።