ወደ ውስጥ ይተነፈሳል?

«መምህር፣ ልጄ የሳይንስ ደብተሯ ላይ “ወደ ውስጥ ስንተነፍስ ደረታችን ይሰፋል” ብላ ጽፋለች። ጎማ ተነፈሰ ስንል ግን አየሩ ወጣ ማለታችን ነው። ታዲያ ወደ ውስጥ እንዴት ይተነፈሳል?» (አንድ አባት፣ ከጅማ)

ይሄ ነገር እኔንም ሲከነክነኝ የኖረ ነው። ፈረንጅ አራዳ አንዱ ጎሚስታ ጋ ሄደው «ጎማዬ ተነፈሰ» ቢሉት፣ «ወደየት?» ብሎ አይጠይቅዎትም። «ትንፍሽ እንዳትል» የተባለ ሰውም ቃል እንዳያወጣ ነው የተነገረው። እባጭ ሲተነፍስ ይሟሽሻል። ሁሉም መውጣት ነው።

ለመግባቱ ሌላ ግስ አለን። ቡናው ተቆልቶ ሲዞር ጭሱን በእጃችን ወደ አፍንጫችን እንጠራና እንስበዋለን። «ጭሱን ተነፈስኩት» የሚል ጅማ ውስጥ ቢገኝ እኔን ጥሩኝ። አጫሹም ሲጋራውን ይምጋል።

የሰውነታችን አሠራርም ያግዘኛል። ሳንባ በራሱ አየር የሚጎትትበት ጡንቻ የለውም። ከሥሩ ያለው ድያፍራም የሚባለው ጡንቻ ተኮማትሮ ወደ ታች ይወርዳል፣ በጎድን አጥንቶች መካከል ያሉት ጡንቻዎች ደረትን ያነሳሉ። ደረት ሲሰፋ የውስጡ ግፊት ከውጭው ያንስና አየር ይሳባል። ልጅዎ እዚህ ላይ አልተሳሳተችም። አየሩ ሲወጣ ግን፣ ዕረፍት ላይ ከሆንን፣ ጉልበት አያስፈልግም። ጡንቻዎቹ ይላላሉ፤ ተለጥጦ የነበረው ሳንባ ራሱ ይሰበሰባል። ቁርጥ የጎማው መተንፈስ!

ሥሩ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይወሳሰባል። ነፈሰ፣ ነፋስ፣ ነፍስ፣ እስትንፋስ የአንድ ሥር ልጆች ናቸው። የ«ተነፈሰ» «ተ» መነሻ ቅጥያ ነበረች። ዛሬ ከሥሩ ጋር ተዋህዳለች። ተሰበረ ሲሉ ይሰበራል ነው፤ «ተነፈሰ» ግን «ይነፈሳል» አይሆንም፣ ይተነፍሳል ይባላል። ዘፍጥረት 2፥7 ላይ አዳም አፍንጫ ውስጥ እፍ የተባለው እስትንፋስስ ወጪ ነው ገቢ? ከሰጪው ወጥቶ ተቀባዩ ውስጥ ገባ። ለሁለታችንም ወገን ይመሰክራል።

ሁለታችንም ያልኩት «ተነፈሰ መግባትንም መውጣትንም ይይዛል፣ አቅጣጫውን “ወደ ውስጥ”ና “ወደ ውጭ” ይናገሩ» የሚሉ ስላሉ ነው። እውነቱን ለመናገር ማስረጃ አላቸው። ጅማ ውስጥ ዐረብኛ የቀራ ሰው ቢጠይቁ፣ የዐረብኛው «ተነፈሰ» ሁለቱንም እንደሚይዝ ይነግርዎታል። በእኛም «ልናፈስ» ብሎ ከቤት የወጣ ሰው አየር ሊቀበል ነው የሄደው። ይሁን። የእኔ ጆሮ ግን «ወደ ውስጥ ተነፈሰ» ሲባል «ወደ ላይ ወረደ» የተባለ ያህል ይቆረቁረዋል።

ምን ዋጋ አለው! ማዳመጫውን ጀርባችን ላይ ያሳረፈ ሐኪም ሁሉ «በረጅሙ ወደ ውስጥ ተንፍስ» ነው የሚለው። ሕመምተኛውም አየሩን ይስባል እንጂ ሰዋስው አይከራከርም። ሕዝብ ተግባብቶበታልና የልጅዎን ደብተር አይሰርዙባት። እኔ ብሆን «አየር ስንስብ» ብዬ እጽፍ ነበር።

ይልቅ እዚያው ደብተር ላይ «ኦክስጅን ተንፍሰን ካርቦን ዳይኦክሳይድ እናስወጣለን» የሚል ካለ፣ እሱን ያርሙላት። የምንስበው አየር ነው፤ ኦክስጅን ከውስጡ 21 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ስናስወጣም 16 በመቶ ገደማ ኦክስጅን አብሮ ይወጣል።