«አርሰናል አሸንፏል ወይ?»

ጥያቄ፦ «የምኖረው ፍኖተ ሰላም ነው። ባለቤቴ ወፍጮ ቤት አለው። ጠጪ አይደለም፣ እጁንም አንሥቶብኝ አያውቅም። ኳስ ግን ከቤቱ አውጥቶታል። ዘንድሮ በከተራ ማታ የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ነው ብሎ እንግዳ ጥሎብኝ ሄደ። አርሰናል ሲሸነፍ ራት ሳይቀምስ ይተኛል። የዘጠኝ ዓመቱ ልጃችን የፈተና ወረቀቱን ሊያሳየው ሲፈልግ መጀመሪያ እኔን ‹አርሰናል አሸንፏል ወይ?› ይለኛል። አሁን ደግሞ የዓለም ዋንጫ ደረሰ። ምን ላድርግ?»

መልስ፦ እህቴ፣ ከደብዳቤዎ ሁሉ ዐይኔ ያረፈው የልጁ ጥያቄ ላይ ነው። ልጅ ወረቀቱን ይዞ ወደ አባቱ ከመሄዱ በፊት ውጤት የሚያጣራ ከሆነ፣ የአባቱ ፊት የሚፈታውም የሚቋጠረውም አርሰናል ባለበት ለንደን ሆኗል ማለት ነው። የከተራው ነገር እንዳቃጠለዎት ይገባኛል፤ ሥራው ግን ከልጁ ይጀመር።

ልቡን የሰጠ ደጋፊ ቡድኑን ብዙ ጊዜ «እነሱ» አይልም። «አሸነፍን» እንደሚል ሁሉ፣ ሽንፈቱንም በራሱ ላይ እንደደረሰ ይቆጥረዋል። በጨዋታው ሰዓት ልብን ያስመታው አድሬናሊንም ዳኛው ፊሽካ ስለነፋ ብቻ ወዲያው አይበርድም። ጨዋታው እንዳለቀ ባለችው ግማሽ ሰዓት የቤት ጠብ በቀላሉ ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ የልጁ ወረቀት ሁልጊዜ ከጨዋታ በፊት ይታይ። ባለቤትዎ ተሸንፈው ሲመጡ «ዛሬ አልሆነልንም፤ ትንሽ ልረፍ» ብለው በቃል ይናገሩ፤ ታጥበው ሠላሳ ደቂቃ ይቀመጡ። ዝምታው ልጁን የሚያስፈራው ምክንያቱን ስለማያውቅ ነው። እርስዎም በዚያች ሰዓት የገንዘብ ነገር አያንሡ፤ «እነሱ አንተን ያውቁሃል?» የሚለውን ንግግርም ይተዉት። ሰውን የሚያዋርድ እንጂ ከኳስ የሚያስጥል አይደለም።

ኳሱን ይከልክሉ አልልዎትም። ቀኑን ሙሉ በዱቄት ብናኝና በሞተር ጩኸት ውስጥ ለሚውል ሰው ኳስ ቤት ከጓደኛ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ነው፤ ቢከለከሉ ተደብቀው ያያሉ። ደግሞም 2018 ለስፖርት ወዳጅ የተለየ ዓመት ነው፦ መስከረም ላይ የቶኪዮ አትሌቲክስ ሻምፒዮና፣ ከታኅሣሥ እስከ ጥር የአፍሪካ ዋንጫ፣ ግንቦት 22 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ፣ ቀጥሎ የዓለም ዋንጫ። ጉጉቱ የሚጀምረው ገና ቀን ሲቆጠር ነው፤ ስለዚህ ቀኑን አብራችሁ ቁጠሩት።

የዘንድሮው ዓለም ዋንጫ 48 ቡድኖችና 104 ጨዋታዎች አሉት፤ ባለፈው ጊዜ ጨዋታው 64 ነበር። ከሰኔ 4 እስከ ሐምሌ 12 ይቆያል። አሜሪካ፣ ካናዳና ሜክሲኮ ስለሚካሄድ ብዙዎቹ ጨዋታዎች በእኛ ሰዓት ምሽት 1፣ ምሽት 4፣ ሌሊት 7 እና ሌሊት 10 አካባቢ ናቸው። የምሽት 1ዱ ለማንም አያስቸግርም። የምሽት 4ቱ ግን ሲያልቅ 6 ሰዓት ይሆናል፤ ሌሊት መንገድ በሚያሰጋበት በዚህ ጊዜ ብቻቸውን እንዳይመለሱ ከጎረቤት ጋር ይሂዱ። የሌሊት 7ቱና የ10ሩ ከቤት ሳይወጡ በሬዲዮ ይሰማ፣ ወይም ግቦቹ ጠዋት በስልክ ይታዩ። እዚህ ላይ መላላት የለም። በነጋታው ከሚዞር ቺንጋ አጠገብ እጁን የሚያስገባ ሰው እንቅልፍ ሊጎድለው አይገባም። ነቅቶ ለማየት አምሽቶ የሚጠጣ ቡናም ከጨዋታው በኋላ ብዙ ሰዓት ሰውነት ውስጥ ይቆያል።

አንድ ወረቀት ላይ ሦስት ነገር ጻፉ፦ የትኞቹ ጨዋታዎች፣ ስንት ብር፣ ቤት የሚቆየው ማን ነው። እስከ ሰኔ 20 ባለው የምድብ ጨዋታ ስምንት ቢመርጡ ይበቃል፤ ከሩብ ፍጻሜ ጀምሮ ያሉትን ስምንቱንም ይፍቀዱላቸው፤ ከመካከላቸው ሌሊት 10 ላይ የሚውለው ግን እንዳልነው ከቤት ሳይወጡ ነው። መግቢያና ሻይ 60 ብር ቢሆን፣ 16 ጨዋታ ቢበዛ 960 ብር ነው። ብሩ አስቀድሞ ተቆጥሮ ለብቻው ይቀመጥ። የቤተሰብ ቀን መጀመሪያ ይጻፍ፤ የከተራው ቅሬታ የመጣው ቀኑ ሳይነገርዎት ስለደረሰብዎት ነው። የፍጻሜው ቀን ሐምሌ 12 እሑድ፣ የሚካኤል ዕለት ነው። ማኅበር ካላችሁ ቀኑን ከእንግዳ ጋር ይዋሉ፤ ጨዋታው ምሽት 4 ሰዓት ነው። እርስዎም ከቤት ነፃ የሚሆኑባቸውን ቀኖች እዚያው ላይ ያስጽፉ።

ውርርድ ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ደብዳቤዎ አላነሣውም፤ ሆኖም ይጠይቁ። ሰባት ጨዋታ ባንድ ትኬት ያስያዘ ሰው ስድስቱ ሲገቡለት «ለጥቂት!» ብሎ በነጋታው ይጨምራል። እያንዳንዱ ግማሽ በግማሽ ዕድል ቢኖረው እንኳ ሰባቱም የመግባታቸው ዕድል ከ128 አንድ ነው። የተበላውን ለማስመለስ መበደር፣ ስልክ መደበቅ፣ የወፍጮውን የናፍጣ ብር መንካት ካዩ፣ የጨዋታ መርሐ ግብር አይፈታውም። የቤቱ ገንዘብ ለጊዜው በእርስዎ እጅ ይሁን፤ የሚያከብሩት ሽማግሌ ይግባበት፤ አቅራቢያችሁ ባለ ሆስፒታል የአእምሮ ጤና ባለሙያም ያነጋግሩ።

ንግግሩን ጨዋታ በሌለበት ሰዓት፣ በቡና ላይ ይክፈቱት። «ኳስህ ጠልፎሃል» ሳይሆን «የትኞቹን ማየት ትፈልጋለህ? እስቲ ቁጠርልኝ» ብለው ይጀምሩ። መክፈቻው ሐሙስ ሰኔ 4 ነው፤ ወረቀቱ እሑድ ግንቦት 30 ይጻፍ፤ ጸሐፊው ደግሞ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ይሁን።