ሜታና ፓራ ዛይሊን ለምን አይለያዩም?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ነኝ። ፖላር ባልሆነ (የኤሌክትሪክ ዋልታ በሌለው) የሲሊኮን ኮለም፣ ማለትም ውስጡ በተለበጠ ቀጭን ቱቦ፣ ዛይሊኖችን (አቶሞቻቸው አንድ ሆነው አቀማመጣቸው ብቻ የሚለያይ ሦስት ውህዶችን) በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ድብልቅን በጋዝ እያስጓዙ በመለያ ዘዴ) ስለይ ኦርቶ ዛይሊን ለብቻው ይወጣል፤ ሜታና ፓራ ግን ሙቀቱን ምንም ብቀያይረው ተደርበው በአንድ ፒክ (በግራፉ ላይ በሚታይ አንድ ጉብታ) ይመጣሉ። አዳዲስ የኮለም ቁሶች ይህን ይፈታሉ መባሉ እውነት ነውን?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ችግሩ ያለው በአሠራርዎ ሳይሆን በኮለሙ የውስጥ ልባስ ነው። እንዲህ ያለው ልባስ ሞለኪውሎችን የሚለየው በዋናነት በነጥበ ፍሌታቸው ሲሆን፣ ኦርቶ ዛይሊን በ144 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ሲፈላ ሜታና ፓራ ግን በ139.1 እና በ138.4 ገደማ ስለሚፈሉ፣ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። ማስ ስፔክትሮሜትርም (ሞለኪውሎችን ሰባብሮ በክብደታቸው የሚለይ መሣሪያ) ብዙ አይረዳዎትም፤ የሞለኪውል ክብደታቸው እኩል 106 ከመሆኑም በላይ ስብርባሪዎቻቸው ይመሳሰላሉ።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ቅርጽን የሚለይ ልባስ ነው። በ1960ዎቹ የተሞከረው ፈሳሽ ክሪስታል ይህን ችሏል፤ እንደ ዘንግ የተደረደሩት ሞለኪውሎቹ ቀጥ ያለውን ፓራ ዛይሊን በመካከላቸው አስገብተው ከሜታ ይልቅ ያቆዩታል። ይሁን እንጂ ድርድሩ የሚጸናው በተወሰነ የሙቀት ክልል ብቻ ነው። በ2010 ደግሞ የቻይናው ናንካይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ኤምአይኤል-101 የተባለውን፣ ከክሮሚየምና ከቴሬፍታሊክ አሲድ የተገነባውን ባለ ቀዳዳ ቁስ በቀጭን ቱቦ ውስጥ ለብጠው ሦስቱን ዛይሊኖችና ከእነርሱ ጋር እኩል ክብደት ያለውን ኢቲልቤንዝንን በ1.6 ደቂቃ ለይተዋል። ቴሬፍታሊክ አሲድ ራሱ ከፓራ ዛይሊን የሚመረት መሆኑ ያስደንቃል። የዚህ ቁስ ወገን የሆኑት ብረታ ብረትን ከኦርጋኒክ ሞለኪውል ያጣመሩ መዋቅሮች (ኤምኦኤፍ) በ2025 ለኪታጋዋ፣ ለሮብሰንና ለያጊ የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት አስገኝተዋል።

ሆኖም ፈጥኖ መለየት ብቻውን ኮለምን ጥሩ አያሰኘውም ብለን እናምናለን። የቁሱ ቅንጣቶች በቱቦው ግድግዳ ላይ እኩል ካልተነጠፉ ፒኩ ይሰፋል፤ ከዚህ ቤተሰብ እንደ ኤምኦኤፍ-5 ያሉት ደግሞ በእርጥበት ይፈርሳሉ። አዲስ ልባስ ለመሥራት ካሰቡ፣ ናሙናው ደጋግሞ ከተወጋ በኋላም የመውጫ ሰዓቱ አለመዛነፉን፣ ሌላ ጊዜ የተዘጋጀ ሁለተኛ ኮለምም ያንኑ ውጤት መስጠቱን አስቀድመው ያረጋግጡ። ለጊዜው የሚፈልጉት ዛይሊኖቹን መለካት ብቻ ከሆነ ግን ፖሊኢቲሊን ግላይኮል የተለበጠ 30 ሜትር ኮለም ይሞክሩ፤ በእርሱ ፓራ ይቀድማል፣ ሜታ ይከተላል፣ ኦርቶም መጨረሻ ይወጣል።